ስላይዱን ዝጋውና ንገረኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰኔ ሲቃረብ የዚህ ዓምድ ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። ሌላ ጊዜ ስለ ዶርም ጠብ፣ ስለ ዲፓርትመንት ምርጫ፣ ስለ ሥራ ማመልከቻ የሚጽፉልኝ ልጆች አሁን ነገራቸው ሁሉ አንድ ይሆናል፦ ሰው ፊት ቆሞ ማቅረብ። እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ በፈታኝነት ወንበር ተቀምጬም ብዙ ሰኔ አሳልፌያለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ቃሌ ጠንከር ቢል አትቀየሙኝ። ረዘም ያለ መልስ የሚፈልገውን ደብዳቤ አስቀድሜዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። የአራተኛ ዓመት የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ነው። ከሦስት ቦታ ውኃ ቀድቼ መርምሬ፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ በሚገባበት በኩል ይበልጥ ደፍርሶ አገኘሁት። ለዲፌንስ፣ ማለትም ጥናቴን ፈታኞች ፊት ለማቅረብ፣ የተሰጠኝ ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ ስላይዴ ግን 34 ደርሷል። የቱን እንደምቀንስ ጨንቆኛል። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው፤ እኛ ቤት የሚወራው ሲዳምኛ ነው። ሰው ፊት ስቆም እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አፌ ይደርቃል። ባለፈው ሴሚስተር ስላይዱን እያነበብኩ ሳለ መብራት ጠፋና የምናገረው ጠፍቶብኝ ቆሜ ቀረሁ። ምን ይመክሩኛል?» (የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

ልጄ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ ዋናው ነገር ያለው መብራት የጠፋ ጊዜ ሆነ ባልከው ላይ ነው። ንግግርህ ያለው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ግድግዳው ሲጨልም አብሮ ጨለመ። ይህ የአንተ ብቻ ችግር አይደለም። አንድ ተማሪ «ፕረዘንቴሽኔን ጨርሻለሁ» ካለኝ ስላይድ ሠርቶ ጨርሷል ማለቱ ነው። የማማክራቸው ልጆች ላፕቶፓቸውን ከፍተው ሲመጡ እኔ የማውቃት ትእዛዝ አንዲት ነበረች፦ ዝጋውና ንገረኝ። አብዛኞቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ። ከዚያ አንገታቸውን አቀርቅረው ይጀምሩና፣ ትንሽ ቆይተው፣ በገዛ አፋቸው ከስላይዱ የተሻለ ነገር ሲናገሩ ራሳቸውም ይገርማቸዋል።

እስቲ ያንተን እንሞክረው። ላፕቶፑን ዘግተህ፣ በሲዳምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ጥናትህን ምንም ለማያውቅ ሰው ንገር። ለአክስትህ ይሁን፣ ባጃጅ ላይ አጠገብህ ለተቀመጠው ሰው ይሁን ግድ የለኝም። ከፒያሳ ተነስታችሁ ሪፈራል ሆስፒታል እስክትደርሱ የሚያልቅ መሆን አለበት። «ከሦስት ቦታ ውኃ ቀዳሁ» ብለህ ብትጀምር ሰውዬው በመስኮት ማየት ይጀምራል። «ይህ የምናየው ሐይቅ የሚገባበት ወንዝ አለ፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ ስለዚህ ወንዙ ይዞ የሚመጣው ደለል ማረፊያው እዚሁ ነው፤ እኔም የወንዙ አፍ ላይ ውኃው ይበልጥ ደፍርሶ አገኘሁት» ብትለው ግን «እና ዓሣውስ?» ይልሃል። ያኔ ፕረዘንቴሽን ያዝክ ማለት ነው።

በዚያች ንግግር ውስጥ ዋናው ነገርህ አለ። 34ቱን ስላይድ አንድ በአንድ እያነሳህ «ይህ ያንን ነገር ይደግፋል ወይ?» በለው። የማይደግፈው ይውጣ። በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ አለ አይደል? ፈታኞቹም ጽሑፉ እጃቸው ላይ ነው። ከልምዴ የምነግርህ፣ የጊዜህን የመጀመሪያ ግማሽ የሚበሉት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፦ «አውትላይን» የሚል ስላይድ፣ የችግሩ መግለጫ፣ አጠቃላይ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የጥናቱ ወሰን። ጽሑፍ ሲጻፍ ያ ቅደም ተከተል ተገቢ ነው። ቆመህ ስትናገር ግን ሰብሳቢው «ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል» የሚለው አንተ ገና ዘዴው ላይ ሳለህ ነው፤ ውጤቱን እንደ ሯጭ ታልፈዋለህ። ውጤቱን ወደ ፊት አምጣው። መጀመሪያ ያገኘኸውን ተናገር፣ ቀጥሎ እንዴት እንዳገኘኸው፣ መጨረሻ ላይ ምን ማለት እንደሆነ። የተሰጠህ 10 ደቂቃ ከሆነ ለ8 አዘጋጅ፤ ኬብል ፍለጋና የፈታኝ ሳል ሁለቱን ይወስዱታል።

ቁጥር ስትጠቅስ ሰሚው የሚይዘው ነገር አብረህ ስጠው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ እጅግ በሚጠልቅበት ቦታ ደግሞ 22 ሜትር ያህል ይወርዳል። 22 ሜትር ብለህ ካለፍክ ማንም ምንም አይመስለውም። «ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ የሚያሰጥም ነው፤ ያውም በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ» ብትል ግን ሐይቁ ጥልቀቱ ምን ያህል ትንሽ፣ ለሚገባበት ነገርም ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ያየዋል።

አሁን ወደሚያስፈራህ ክፍል፣ ወደ ጥያቄው። ብልህ ፈታኝ ካጋጠመህ የሚጠይቅህን እኔ ልንገርህ፦ «የሚወጣ ወንዝ ከሌለው ለምን ጨው አልሆነም? ሻላና አቢጃታ እኮ ናቸው።» ይህን ጥያቄ ፈታኙ ወንበር ላይ ሆኜ ብጠይቅህ ደስ ይለኛል። መልሱ ከርሰ ምድር ውስጥ ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ ባይኖረውም ውኃው ከሥር እየሰረገ እንደሚወጣ፣ ሳይጨው የቆየውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ስለዚህ አንተም «መውጫ የለውም» ብለህ አትፎክር፤ «በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም» በል። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ነገሩን በሚያውቅና በሰማ ሰው መካከል ያለው ልዩነት እሷ ናት። ደግሞም ደለል እንደ ጨው ሟምቶ ከሥር አይሰርግምና ዋናው ነገርህ አልፈረሰም። ይህን ለፈታኙ ራስህ ልትነግረው ትችላለህ።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ከጓደኞችህ ጋር ሆናችሁ ጻፏቸው። በተለይ ውኃውን የቀዳኸው በየትኛው ወር እንደሆነ መጠየቅህ አይቀርም፤ ክረምት ላይ የተቀዳና በጋ ላይ የተቀዳ ውኃ አንድ አይደለም። በአንድ ወቅት ብቻ ቀድተህ ከሆነ ሳትጠየቅ ቀድመህ ተናገር። ድክመቱን ራሱ የሚናገር ተማሪ ላይ ፈታኝ ጥርሱን አይስልም። የማታውቀውን ከተጠየቅህ ደግሞ «ይህን አልመረመርኩም፤ ለመመርመር ግን እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት ሙሉ መልስ ነው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ሁልጊዜ ይታወቃል።

እንግሊዝኛህን በተመለከተ፣ ስታስረዳ የምትጠቀምባቸው ዐረፍተ ነገሮች አጫጭር ይሁኑ። ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ከጽሑፉ ገልብጠህ በቃልህ ብታጠና መሃሉ ላይ አንድ ቃል ሲጠፋህ ሁሉም ይጠፋል። በምታስብበት ቋንቋ መጀመሪያ አስረዳ፣ ከዚያ ያንኑ በአጭሩ ወደ እንግሊዝኛ አምጣው። በቃል የሚጠናው መክፈቻው ሁለት ዐረፍተ ነገርና መዝጊያው አንድ ብቻ ነው። ጥያቄ ሲመጣ በአማርኛ ማብራራት ይፈቀድ እንደሆነ አማካሪህን ከዕለቱ በፊት ጠይቀው፤ አንዳንዱ ቦታ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዱ አይፈቅዱም፤ ዕለቱን መድረክ ላይ መደራደር ግን አያምርም።

እጅህ ይንቀጠቀጥ። የሰውነትህ አድሬናሊን ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጉሮሮ የሚያደርቀውም እሱ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ከተናገርክ በኋላ እየበረደ ይሄዳል። አንተ ማድረግ ያለብህ መንቀጥቀጡን የሚያጎላ ነገር አለመያዝ ነው። ወረቀት ስትይዝ ወረቀቱ ይርገበገባል፤ የሌዘር መብራት ስትይዝ ቀይዋ ነጥብ ግድግዳው ላይ ትጨፍራለች። ሁለቱንም ተዋቸው፤ በእጅህ አመልክት። ከመነሳትህ በፊት ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አስወጣ፣ ከማስገባትህ ይልቅ ማስወጣትህ ይርዘም፤ የልብ ምት ይረጋጋል። ውኃ አጠገብህ ይኑር። በዚያ ጠዋት ደግሞ ቡናውን ቀንስ። በሲዳማ ምድር ተቀምጦ ይህን መናገር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ካፌይን የሚንቀጠቀጥን እጅ አያበርድም፣ ያባብሰዋል። ከዲፌንሱ በኋላ ሦስቱንም ጠጣ፣ አቦል ቶና በረካ።

ስላይዱ የሚመጣው እንግዲህ አሁን፣ መጨረሻ ላይ ነው። የሦስቱን ቦታ የሚያወዳድር አንድ ግራፍ፣ ክፍሉ ኋላ ላይ ለተቀመጠው ሰው የሚነበብ ፊደል (ከ24 አትውረድ)፣ በዘንጉ ላይ መለኪያው የተጻፈበት። የወንዙን አፍ ራስህ በስልክህ ያነሳኸው ፎቶ ካለ ከኢንተርኔት ከወረደ የሐይቅ ፎቶ ይበልጥብኛል። ከሰዓት በኋላ መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ ከሆነ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ይሻላል፤ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል የሐዋሳ ፀሐይ ያጠፋዋል። ዐረፍተ ነገሩን ሙሉ ጽፈህ እንደ ሠርግ ጥሪ ጮክ ብለህ አታንብብልን፤ ሁላችንም ፊደል ቆጥረናል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች። ፓወር ፖይንት ላይ የእንግሊዝኛውን «ቢ» ፊደል ስትጫን ግድግዳው ይጨልማል፤ ስትደግመው ይመለሳል። ሰው አንተን እንዲያይህ ስትፈልግ ተጠቀምበት። ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የስላይዱን ቁጥር ጽፈህ «ኢንተር» ስትጫን ቀጥታ ወደዚያ ይወስድሃል፤ ሃያ ስላይድ ወደ ኋላ እየቆጠርክ ፈታኝ አታስጠብቅ። የመጨረሻው ስላይድም «አመሰግናለሁ» የሚል አበባ ያለበት አይሁን። ምስጋናውን በአፍህ ተናገር፤ ግድግዳው ላይ ግራፍህ ይቆይ፤ ጥያቄው በሙሉ የሚነሳው እሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነውና።

መብራት እንደገና ቢጠፋስ? መስኮቱን ክፈቱ ብለህ ቀጥል። ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ እየተራመድክ ያለ ላፕቶፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተናገርከው፣ አይጠፋብህም።

«ሰላም እትዬ። አምስት ሆነን የቡድን ሥራ ተሰጥቶን ሁለታችን ብቻ ሠራነው። ሁለቱ ስማቸውን አስገብተው ጠፉ። አንደኛው ደግሞ ማቅረብ ነው የምፈልገው ይላል፤ አንድም ገጽ አላነበበም! መምህራችን አምስታችንም መናገር አለባችሁ ብሏል።» (የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ሐዋሳ)

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ያን ተረት የፈጠረው ሰው የዩኒቨርሲቲ የቡድን ሥራ አልደረሰበትም።

እህቴ፣ ስላይዱን ለአምስት አትካፈሉት። ሰባት ሰባት ስላይድ ስትደራረሱ ክፍሉ የሚያየው አምስት የተለያየ ድምፅና አራት ጊዜ የሚጠፋ ክር ነው። ሥራውን የሠራችሁት ሁለታችሁ ዋናውን ክፍል ያዙ። ለሦስቱ ደግሞ እያንዳንዱ በራሱ ሊያውቀው የሚገባውን አንድ አንድ ትንሽ ነገር ስጧቸው፤ ለምሳሌ አንዱ አንዱን ሠንጠረዥ ብቻ። ቀኑ ሲቃረብ ሰብስቧቸውና የየራሳቸውን ያለ ስላይድ እንዲናገሩ አድርጉ። የሚችል ይችላል። የማይችለው ያን ጊዜ ራሱን ያያል፤ እናንተ መክሰስ አይጠበቅባችሁም።

ማቅረብ እፈልጋለሁ የሚለውን ልጅ አልጠላሁትም። ደፋር ልጅ ነው፤ ያነበበ ደፋር አድርጉት። ጠፍተው የቀሩት ካልመጡ ለመምህሩ ከዕለቱ በፊት፣ በግል፣ ያለ ስድብ ንገሩት። ክፍል ፊት «እነዚህ አልሠሩም» ማለት ግን የእናንተንም ነጥብ ያበላሻል። አንዱ ሲጨርስ ለሚቀጥለው የሚያቀብልበትን ዐረፍተ ነገርም ተለማመዱ፤ «ቀጣዩ ጓደኛዬ ያቀርባል» ሳይሆን «ወጪው ለምን እንደጨመረ እሱ ያሳያችኋል» ዓይነት።

«መምህርት፣ እንደምን ከረሙ? ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። በቀደም ክፍል ፊት ወጥታ ስታነብ ስለሳቁባት ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አይወጣም። አሁን ስለ ፍቼ ጨምበላላ አቅርቢ ተብላለች። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አስቸግራኛለች።» (እናት፣ ከታቦር አካባቢ)

እመቤቴ፣ ርዕሱ ራሱ እርስዎን ይጠራል። ልጅቱ ኢንተርኔት ከፍታ «ፍቼ ጨምበላላ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል» የሚለውን ከመገልበጧ በፊት አያቷ ዘንድ ይውሰዷት። በበዓሉ አፈ ታሪክ ውስጥ ከጋብቻዋ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን የምትጠይቅ ሴት አለች፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ትሄዳለች፤ ጎረቤቱም ይቋደሳል። ልጅዎ በዚህች ሴት ትጀምር። «አንዲት ሴት ነበረች» ብሎ የሚጀምርን ልጅ ክፍሉ ዝም ብሎ ይሰማዋል። ቀኑን አያንቶዎቹ፣ የሲዳማ ኮከብ ተመልካቾች፣ ኮከብ አይተው እንደሚወስኑ፣ በሁሉቃ ሥነ ሥርዓት ሰዉ በእርጥብ እንጨት በተሠራ በር ሥር እንደሚያልፍ ቀጥላ ብትናገር፣ ዩኔስኮን መጨረሻ ላይ ብትጠቅሰው፣ ሁሉም ነገር በቦታው ይሆናል። ቡሪሳሜውን ሠርተው ቢልኩላትማ የሚስቅ አፍ አይኖርም፤ ሁሉም አፍ ሥራ ይዟል።

ስለ ሳቁ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ሳቅ ሲመጣ ልጆች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ፍጥነት ይጨምራሉ። ቶሎ ጨርሰው ለማምለጥ። ያን ጊዜ ድምፁ ይቀጥናል፣ ቃል ይበላል፣ ሳቁም ይጨምራል። ተቃራኒውን ያስተምሯት፤ ታቁም። አፏን ትዝጋ፣ ቀና ብላ ትያቸው፣ ዝም እስኪሉ ትጠብቅ፣ ካቆመችበት ትቀጥል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለመናገር ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያስቆሟቸው ሞክረው ነበር። ንጉሡ መልስ አልሰጡም፤ ጯሂዎቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ይህን ይንገሯትና ቤት ውስጥ ወንድሞቿን ሰብስበው እንዲስቁባት ያድርጉ፤ እሷ ቆማ ትጠብቅ። ሁለተኛው ዙር ላይ የምትስቀው እሷ ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ። የክፍል ኃላፊ መምህሯንም አንድ ቃል ያናግሩ፤ ክፍሉን ዝም ማሰኘት የልጅቷ ሥራ ብቻ መሆን የለበትም።

«ስላይዴን በአማርኛ ጽፌ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆነ። የጓደኛዬ ደግሞ የማይነበብ የላቲን ፊደል ቅልቅል ሆነበት። ለምንድን ነው?»

ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ያንተ ሳጥን የሆነው ያ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል የሚያሳይ ፎንት ስለሌለው ነው። የጓደኛህ ደግሞ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ቋንቋ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) በፊት በተሠራ የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው፤ በእነዚያ ፎንቶች ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልን ቁጥር ስለሆነ ፎንቱ ሲጎድል ላቲኑ ይወጣል። እሱ ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና ማስገባት አለበት። አንተ ግን ስታስቀምጥ በፒዲኤፍም አስቀምጠው፤ ወይም በፓወር ፖይንት የማስቀመጫ አማራጮች ውስጥ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ምልክት አድርግበት። ፋይሉን በፍላሽ ብቻ አትያዝ፤ የጋራ ኮምፒዩተር ፍላሽን በቫይረስ ይቀበላል። ለራስህ በቴሌግራምም ላከው። ከዚያ ከመቅረብህ በፊት ክፍሉ ድረስ ሄደህ ክፈተው፤ የፕሮጀክተሩ ገመድ ቪጂኤ ሆኖ ላፕቶፕህ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ማገናኛውን ከማን እንደምትዋስ ያኔ ታውቃለህ።

«ለዲፌንስ ሱፍ መልበስ ግዴታ ነው? የለኝም፤ ለመከራየትም ገንዘብ የለኝም።»

ዲፓርትመንትህ ካላዘዘ ግዴታ አይደለም። የተተኮሰ ሸሚዝና ንጹሕ ሱሪ ይበቃል። ከጓደኛህ ተውሰህ ትከሻው የሚሰፋ ኮት ከመልበስ ይሄ ይሻላል፤ እጅጌው ላይ ስትታገል ግራፍህን የሚያሳይልህ የለም። ጫማ ግን ለዚያ ቀን ብለህ አዲስ አትግዛ፤ ቆመህ ነው የምትውለው።